ማን አጠፋት?

ሰው ልጅነቱን በእሸት ሽታ ያስታውሳል፣ በአደይ አበባ ያስታውሳል፤ እኔን ግን ወደ ልጅነቴ ጎትቶ የሚወስደኝ የናፍጣ ጭስ ነው። ባለፈው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ሞጣ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም፣ አፍንጫዬ ከጆሮዬ ቀድሞ ሰማ። ያ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ፣ ነጠላ ላይ ካረፈ በስንት እጥበት የማይለቅ ሽታ ከመታጠፊያው በኩል መጣ፤ ከሽታው ኋላ የሞተሩ ድምፅ ተከተለ፣ ከድምፁ ኋላ ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ዶሮ ሲሰፍርባት የኖረችው የአባቴ መኪና አዲስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብታ ብቅ አለች። ሰፌዱ ከጭኔ ላይ ወደቀ። ምስሩን እስካሁን ከበረንዳው ስንጥቅ ውስጥ እየለቀምኩ ነው።

መሪውን የያዘው የወንድሜ ልጅ ዳዊት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እዚሁ ሞጣ ጋራዥ ይሠራል፤ እሱና ጓደኞቹ አሮጌ የናፍጣ መኪና ሲያዩ ሌላው ጎረምሳ ቆንጆ ልጅ ሲያይ የሚሆነውን ይሆናሉ። በየበዓሉ ተሰብስበው የአንዱን መኪና ኮፈን ይከፍቱና ከበው ይቆማሉ፤ ማንም አያወራም፣ ይሰማሉ ብቻ። በኤሌክትሪክ የሚሄደውን አዲሱን መኪና “ይሄ ስልክ ነው እንጂ መኪና ነው ወይ” ይሉታል። ናፍጣ አይዋሽም የሚል አባባልም አላቸው፤ ሲታመም ያስላል፣ ሲደክመው ይጨሳል፣ የሚደብቀው ነገር የለም ማለታቸው ነው። ይህን ሲሉ እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ዳዊት ይህ ፍቅር ከየት መጣብህ ላለው ሰው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ “ከአያቴ ነው፤ ዘር ከልጓም ይስባል” ይላል። አያቱን አንድ ቀን እንኳ በዓይኑ አላየውም። ዕድለኛ ልጅ ነው።

አባቴ ከብቸና ሞጣ ሰውና እህል የሚያመላልስ ሾፌር ነበር፤ መኪናዋም የራሱ ነበረች፣ ከኋላዋ ሸራ የለበሰች ባለ ናፍጣ ፒክአፕ። ብቸና ያለውን ቤታችንን ሲሠራ ከሁሉ አስቀድሞ ያየው የቦታውን ተዳፋትነት ነው ይባላል፤ የመኪናዋ ባትሪ እኔ ሳልወለድ የሞተ ነውና። አመሻሽ ላይ ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ያቆማትና ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ያስገባል፣ ጠዋት ድንጋዩን ሲያነሳላት ተንደርድራ ከታችኛው አጥር ሳትደርስ ትነሳለች። ባትሪ ግዛ ሲሉት፣ እግዜር የፈጠረው ቁልቁለት እያለ ባትሪ ምን ያደርግልኛል ይል ነበር። እኛ ግን ከነቤታችን በዚያ ተዳፋት ላይ ቀረን፤ የተጣደ ድስት ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ አልጋም ላይ ተኝተን እግራችንን ከግድግዳው ካላስደገፍን ወደ ታች እንንሸራተታለን።

የብቸና ብርድ ሞተሯን እንዳያደርቅባት እያለ አዲሱን የእናቴን ጋቢ አውጥቶ ኮፈኗ ላይ ያለብሳት ነበር። እናቴ አሮጌውን ደርባ ትተኛለች። አዲሱ ጋቢ ናፍጣ ጠጥቶ ቢታጠብም ሽታው አልለቅ አለ፤ ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሴቶቹ ትንሽ ራቅ ይሉላታል፣ እሷ ደግሞ እኔ እኮ ከጣውንቴ ጋር አንድ ልብስ ነው የምለብሰው እያለች ትስቅ ነበር። በእኛ ቤት ስለዚያች መኪና የሚስቅ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ታላቅ ወንድሜን ይበልጣልን፣ እኔ ወንድም ዓለም ነው የምለው፣ አባቴ ገና በስምንት ዓመቱ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ እያስደገፈ ሞተር ያስነብበው ነበር፤ የቆሎ ተማሪ ፊደል እንደሚያስቆጥሩት። የትኛው ሲሊንደር ነው ያነጠሰው፣ አንደኛው ነው ሦስተኛው ይለዋል፤ ከተሳሳተ ኩርኩም፣ ከመለሰ ደግሞ ምንም። የአባቴ ምስጋና ኩርኩሙን መተው ነበር። ወንድሜ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው መኪናዋ ከገበያው ጀርባ ስትመጣ እቤት ተቀምጦ በድምጿ ብቻ ምን እንደጎደላት ይነግረን ነበር፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ። ተኝተንም አያርፍም። ሁለታችን አንድ አልጋ ላይ ነን፣ ግድግዳውን በቀኝ እግሩ ነዳጅ መስጫ ያደርገውና በአፉ ሞተር ያስነሳል፤ ማርሽ ይቀይራል፣ ዳገት ይወጣል፣ ደብረ ወርቅ ላይ ተሳፋሪ ያወርዳል፣ ሞጣ ስንደርስ አውራ ጣቱን ይሰጠኛል፤ አውራ ጣቱን ስስበው ሞተሩ ይጠፋና እንተኛለን። እኔ በሕይወቴ ብዙ አገር ሄጃለሁ፤ እንደዚያ አልጋ ርቆ የወሰደኝ የለም።

አውራ ጣቱን የምስበው ያለ ነገር አይደለም። እኔ ሴት ስለሆንኩ ጆሮዬን የጠየቀው ባይኖርም ማጥፊያዋ የእኔ ድርሻ ነበረች። እንደዚያች ያለ አሮጌ የናፍጣ ሞተር በቁልፍ አይጠፋም። ከመሪው ሥር አንዲት ጥቁር እጀታ አለች፣ የጣት ጫፍ የምታክል፤ እሷን ሳብ ሲያደርጓት ናፍጣው ይቋረጥና መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንቀጥቅጣ ዝም ትላለች። አባቴ ከሞጣ ተመልሶ ተዳፋቱ ላይ ሲያቆም አንገቱን በመስኮት ያወጣና “ነይ አጥፊዬ” ብሎ ይጠራኛል። ሮጬ ሄጄ ጭኑ ላይ ወጥቼ እስባታለሁ። ሸሚዙ ናፍጣና ላብ ይሸታል፣ እጁ እንዳልወድቅ ወገቤን ይይዘኛል። አባቴ የእኔ ነው ያልኩበት ጊዜ ቢኖር ያቺ ደቂቃ ናት። አንድ ጊዜ ከደብረ ወርቅ አብረውት የመጡ የቅኔ መምህር ሲጠራኝ ሰምተው “አንተ ሰው፣ ይህ ስም ሰምና ወርቅ አለው፣ ለልጅ አይወጣም” አሉት። አባቴ ሳቀ። እሱ ስለሳቀ እኔም ሳቅሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ወሩ ነሐሴ። እናቴ ሦስተኛ ልጇን አርግዛ ሳለ ቀኗ ሳይደርስ ደም ይፈሳት ጀመር፤ ሞጣ ሐኪም ቤት አድርሷት ተባለ። ጠዋት ነው። ከኋላ ፍራሽ ተነጥፎላት ጎረቤታችን እትዬ የሺ ራሷን ይዘው ተቀመጡ፤ ያን አዲሱን ጋቢ አለበሷት፣ በመጨረሻው ከጣውንቷ አስጣሉላት ማለት ነው። አባቴና ወንድሜ ጋቢና ገቡ፣ እኔም የምተውበት ሰው ስላልነበረ መሃላቸው ተቀመጥኩ። መንገዱ ያን ጊዜ ጠጠርና ጭቃ ነው። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ከኋላ የእናቴ ድምፅ ሲመጣ መሪውን የያዙት የአባቴ እጆች ሲነጡ አያለሁ። ክፉ ሰው ነበር እንጂ ልብ የለውም አልልም።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ ራዲያተሯ ፈላ። ምርጫ አልነበረውም፤ መንገዱ ዳር ያለ ሜዳ ላይ አቆማት። አባቴ ያቺን መኪና ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ሲያቆም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ሲወርድ ወንድሜን ከመሪው ኋላ አስቀመጠውና አንድ ነገር ብቻ ነገረው።

“እግርህን እንዳታነሳ። ከጠፋች አትነሳም።”

ወንድሜ ነዳጅ መስጫውን ረግጦ ተቀመጠ። ነፋሱ ግን ጭሱን እየመለሰ በሸራው ሥር ወደ ኋላ ያስገባው ጀመር፤ እትዬ የሺ ሲያስሉ ይሰማል። ወንድሜ ሸራውን ልግለጥላቸው ብሎ ዘሎ ወረደ። እሱ ሲወርድ በጋቢናው የኋላ መስኮት የእናቴ ድምፅ መጣ፣ ቀጭን ድምፅ።

“ኧረ ይህን ነገር አጥፉልኝ፣ ልቤን አጠፋው።”

አጥፉልኝ አለች። የማጠፋው ደግሞ እኔ ነኝ፤ በዚያ ቤት ሌላ ሥራ አልነበረኝም። እጀታዋን ሳብኳት። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠችና ዝም አለች፣ እናቴም “እፎይ” አለች። ከእናቴ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል እሱ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ተኝቼ ማደር የቻልኩት ያቺን እፎይታ እያሰብኩ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳኝም ያው እሱ ነው።

ቀጥሎ የሰማሁት የአባቴ ጀሪካን ሲወድቅ ነው። ያኔ ገባኝ። እጀታዋን ወደ ቦታዋ መልሼ ገፋኋት፣ እጄንም ጭኔ መሃል ከተትኩት። አባቴ በጭቃው እየሮጠ መጣና “ማን አጠፋት?” አለ። ወንድሜ የሸራውን ገመድ እንደያዘ ቆሟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

“እኔ ነኝ አባባ፤ እግሬን አነሳሁ።”

ሊሸፍንልኝ ብሎ የዋሸ እንዳይመስላችሁ። ያቺ መኪና እግር ሲነሳላት አንዳንዴ በራሷ ትጠፋ ነበር፤ ስለዚህ እሱ ያጠፋት መስሎት ነው። እስከ ዛሬም ይመስለዋል። አባቴ እኔን አልጠየቀኝም፤ ሳይጠራኝ የማላጠፋ ልጅ ነበርኩና።

ሰው ተጠራ። ገበያ የሚሄደውም ማሳ ያለውም መጥቶ ገፋት፤ ጎማዋ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ እንጂ ሞተሩን አላዞረውም። ሌላ መኪና ይመጣ እንደሆን ተብሎ መንገዱ ታየ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ሁለት ገበሬዎች ከጤፍ ማሳቸው ጥማድ በሬ አምጥተው በጠፍር አስረው እስከ ቁልቁለቱ ጎተቷት። ጅራፉ ይጮሃል፣ አባቴ መሪውን ይዞ ከበሬዎቹ እኩል ያቃስታል፣ ወንድሜ ከኋላ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይገፋል። እኔ ከመቀመጫዬ ሆኜ በሬ መኪና ሲጎትት አይቼ አላውቅም ብዬ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም አልደብቅም። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ መኪናዋ ተነሳች፤ እትዬ የሺ ግን ያኔ የኋላውን መስኮት በእጃቸው ይመቱ ነበር፣ አባቴም ምን ሊሉት እንደሆነ እያወቀ አላቆመም። ሞጣ ስንገባ የተቀበለን ሐኪም ጋቢውን ገልጦ አየና “ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን…” አለ። ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲጨርሰው ኖረ።

ወንድሜን አልመታውም። ከዚያ ወዲያ ኩርኩም እንኳ አላረፈበትም፤ ምነው ባረፈበት። ይልቅ በቤታችን ዘመን የሚቆጠረው በእሱ እግር ሆነ። ጎረቤት ገብቶ ይህች ላም መቼ ወለደች ቢል፣ አባቴ ይበልጣል እግሩን ባነሳ በዓመቱ ይለዋል፤ ወንድሜ እንግዳውን እጅ እያስታጠበ በቆመበት። አጥሩ የታጠረው ይበልጣል እግሩን ከማንሳቱ በፊት ነው፣ በረዶው የመታን ይበልጣል እግሩን ባነሳ በሦስተኛው ክረምት ነው። አልጋችን ላይ ሞተር መነሳቱ ቀረ። አንድ ሌሊት አውራ ጣቱን ፈልጌ ብይዘው እጁን ነጠቀኝና ፊቱን አዞረ።

ወንድሜ ከዚያ ቀን በኋላ መሪ አልጨበጠም፤ አናጢ ሆነ። ያ ጆሮ መጋዝ ሲሰማ ኖረ። ቀኝ እግሩ ግን አላረፈም። ማዕድ ላይ ተቀምጦ፣ ለቅሶ ቤት አግዳሚ ላይ ሆኖ፣ ቅዳሴ ቆሞ ሳይቀር ቀኝ እግሩን መሬቱ ላይ ይጫናል፤ ሚስቱ አዲስ ሙሽራ ሳለች ቁርጥማት መስሏት በቅቤ ታሸው ነበር። እኔንም አባቴ መጥራቱን አልተወም። አመሻሽ ላይ ነይ አጥፊዬ ይለኛል፣ እሄዳለሁ፣ እስባለሁ። ወንድሜ ከበሩ ላይ ቆሞ ያየኛል፤ ይቀናብኝ ነበር መሰለኝ።

ስንት ጊዜ ልናገር ብዬ አፌን ከፍቻለሁ። እትዬ የሺ ዝም አይነቅዝም ይሉ ነበር፤ እኔ ግን ነቅዤበታለሁ። መጀመሪያ አባቴን ፈራሁ፣ ቀጥሎ ወንድሜን ፈራሁ፣ ከዚያ ደግሞ ይህን ያህል ቆይቼ ብናገር ምን እባላለሁ አልኩ፤ ሆድ ይፍጀው አልኩ፣ ሆዴ ግን አልፈጀውም። ይባስ ብሎ የአማርኛ መምህር ሆንኩ። እዚህ ሞጣ ሳስተምር ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ኅብረ ቃል ሳስተምር፣ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲይዝ ማለት ነው፣ ምሳሌ በምሳሌ ላይ እደረድራለሁ፤ “አጠፋ” የሚለውን ግን ሰሌዳ ላይ ጽፌው አላውቅም። አንድ ዓመት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ቲቸር አጠፋሁ ማለትስ መብራት ማጥፋትም በደል መሥራትም ይሆን የለም ወይ አለችኝ። ጎበዝ ልጅ ነበረች። ደወሉ ሳይደወል ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁ።

አባቴ ሊሞት ሲል የመኪናዋን ቁልፍ ከትራሱ ሥር አወጣና ለእኔ ሰጠኝ። ወንድሜ እግርጌው ተቀምጦ ነበር። እሱ እየሰማ “ለእሱ እንዳትሰጭው፣ እግሩ አይታመንም” አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ወንድሜ ሳጥኑን በገዛ እጁ ሠራለት፤ አንድም ምስማር አላጣመመበትም።

ቁልፉን ሃያ አምስት ዓመት ቁም ሳጥኔ ውስጥ ደበቅሁት። አምና ዳዊት መጥቶ ጉልበቴን ይዞ ለመነኝና ሰጠሁት። ብቸና ሄዶ ዶሮዎቹን አባረረ፣ ዝገቱን ፋቀ፣ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሞተሯን ፈታ። መጀመሪያ ቀን ስትነሳለት በስልክ የቀረጹትን አሳዩኝ፤ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ አስደግፏል፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጓል። ስልኩን መለስኩላቸው። ያ ጆሮ ወደ እሱ የመጣው ከአያቱ አይደለም፣ ከአባቱ ነው፤ ይህን የነገረው ግን የለም።

እሑድ ዕለት ታዲያ ወንድሜ ጋቢናው ውስጥ ነበር። ልጁ አባብሎ፣ ለምኖ፣ ከብቸና አሳፍሮት መጥቷል፤ መንገዱም ሰላም የሆነበት ሰሞን ስለሆነ እኔን ይዘው ተመልሰው ብቸና ምሳ ልንበላ ነው። መሃላቸው ገባሁ፣ እንደ ድሮው። ዳዊት አዲስ ባትሪ ገዝቶላታል፣ ወንበሯን አልብሷታል፤ ማጥፊያዋን ግን አልነካትም። “ይቺ ኦርጅናል ናት አክስቴ፣ አያቴ የነካት ናት” አለኝ በኩራት። ወንድሜ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል።

ደብረ ወርቅ ጓደኞቹ እየጠበቁት ነበር። መንገዱ ዳር ቆመ፣ ያው ሜዳ ላይ፤ ቤት ሞልቶበታል እንጂ ሜዳነቱ አልጠፋም። ድምጿን ይስሙልኝ ብሎ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። እኔና ወንድሜ ቀረን። ወንድሜ ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ አርባ አምስት ዓመት ያልተናገረውን ተናገረ።

“እታለም፣ እዚህ ነበር። እግሬን ባላነሳው ኖሮ እማዬ ትተርፍ ነበር። አባባ እውነቱን ነው።”

እጄ ሳላዘው ሄደ። እጀታዋን ሳብኳት። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠችና ዝም አለች።

“ወንድም ዓለም” አልኩት፣ “እኔ ነኝ ያጠፋኋት።”

እጄን አየ፣ እጀታዋን አየ፣ ፊቴን አየ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ እንደዚያ ፈገግ ሲል ያየሁት እዚያ ዘንበል ያለ አልጋ ላይ ነው። እጄን መታ መታ እያደረገ “አንቺማ ድሮም አጥፊ ነሽ” አለኝ። “ግድ የለም፣ አሁን ባትሪ አላት። ትነሳለች።”

ሁለት ቃል ብቻ ነበር የቀረኝ። “ያን ቀን” ብዬ ብጨምርበት ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይወጣ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን የማስተምረው ይህንኑ አይደለም ወይ። አልጨመርኩም። ፈገግታውን ላለማበላሸት ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ውሸት ነው፣ ፈርቼ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ የፈራሁትን በሃምሳ አራት ዓመቴ ደገምኩት።

ዳዊት ዝምታውን ሰምቶ ከጓደኞቹ መሃል እየሮጠ መጣና በሩን ከፈተ። “ማን አጠፋት?” አለ።

“አክስትህ ናት” አለው ወንድሜ።

ለዚያ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ የተሰጠው ያኔ ነው። ልጁ ሳቀ፣ ጓደኞቹም ሳቁ፤ እነሱ ስለሳቁ እኔም ሳቅሁ። ቁልፉን ሲያዞረው በአንድ ጊዜ ተነሳች። ከዚያ ስለ ዘንድሮ ጤፍና ስለ ቤቱ ቆርቆሮ እያወራን ሄድን። ወንድሜ በደህና ይስቃል፣ በደህና ይጫወታል፤ ቀኝ እግሩ ግን የጋቢናውን ወለል እንደረገጠ ነው፣ ብቸና ገብተን ልጁ እስኪያጠፋት ድረስ አላነሳውም።